ዊንዶውስ 10 ላይ ለቀራችሁ፦ ወዴት ብትሄዱ እንደሚሻልና ስትሻገሩ ምን እንደሚገጥማችሁ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 2025 ማለት ነው። ከዛ ወዲህ እኔ ጋ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ አንድ ሆኗል፣ «ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለኝ፣ ምን ላርገው፣ ሊኑክስ ልጫንበት ወይስ ሸጬው ትንሽ ጨምሬ ሌላ ልግዛ» ነው የሚሉኝ (ሊኑክስ ማለት በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ሌላ ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው)። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳ ቁጭ ብዬ የማውቀውን ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል ግን የዓመታት ፋይላችሁን የሚነካ ነገር ስለሆነ ሳትቸኩሉ አንብቡት።

መጀመሪያ አትደንግጡ። ድጋፉ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ነገ ጠዋት አይነሳም ማለት አይደለም፣ እንደ ድሮው ይሰራል፣ የቀረው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደህንነት አፕዴት ነው፣ ማለትም አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር የሚደፍንላችሁ የለም። ኢንተርኔት የማይነካ፣ ለፊልምና ለመዝሙር ብቻ ያስቀመጣችሁት ከሆነ እንዳለ ተዉት። ባንክ የምትገቡበት፣ የደንበኛ ሰነድ ያለበት፣ የሰው ፍላሽ ሲሰካበት የሚውል ከሆነ ግን ዛሬ ነገ አትበሉ።

ሰው ሁሉ «የቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻላል» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ከዛ ግማሹ ሰው ሊኑክስ ይላል ግማሹ ማክ ይላል እናንተ መሃል ላይ ትቀራላችሁ። እኔ የምመክረው ወረቀት አውጡና ለአንድ ሳምንት ኮምፒውተሩ ላይ የከፈታችሁትን ነገር ሁሉ መዝግቡ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ ምንም እንዳትዘሉ። ሳምንቱ ሲሞላ ስታዩት አብዛኛው ክሮም፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ዙም፣ ወርድ፣ ፒዲኤፍ ነው፣ እነዚህ ወይ ራሳቸው ወይ ምትካቸው የትም አለ። የሚያስሯችሁ ከታች የቀሩት አንድ ሁለቱ ናቸው። ፒችትሪ ላይ የድርጅት ሒሳብ የምትሰሩ ከሆነ (ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆየ፣ ግን ሁላችንም ፒችትሪ ነው የምንለው) ያለ ዊንዶውስ አይሆንም፣ በሆነ መንገድ ሊኑክስ ላይ ይሰራል የሚላችሁን ሰው የድርጅት ሒሳብ ይዛችሁ አትሞክሩት። የሕንፃ ዲዛይን የሚሰራበት ሬቪትም እንደዛው ነው። አውቶካድ ለዊንዶውስና ለማክ አለ፣ ለሊኑክስ የለም። ፎቶሾፕና ካፕከትም እንደዚሁ። ኤክሴል ላይ ማክሮ (ሥራውን በራሱ የሚሰራ ትዕዛዝ) የተሰራበት ፋይል ካላችሁ የኦፊስ ነጻ ምትክ የሆነው ሊብሬኦፊስ ላይ ሊከፈት ይችላል ማክሮው ግን በትክክል ላይሰራ ይችላል፣ ፋይሉን ወስዳችሁ ሳትሞክሩ አትመኑ። ውጪ ሀገር ሆናችሁ የምትማሩ ደግሞ ፈተና ላይ ስክሪኑን የሚቆልፈው ብራውዘር አለ አይደል፣ ሴፍ ኤግዛም ብራውዘር የሚባለው፣ እሱም ለሊኑክስ የለም፣ ትምህርት ቤታችሁ የሚጠቀመው ከሆነ ሴሚስተር መሃል ላይ እንዳትሻገሩ።

ዝርዝሩ ላይ እንዲህ ዓይነት የሚያስር ነገር ካለ መልሱ ዊንዶውስ ነው፣ ጥያቄው ላፕቶፓችሁ 11ን ይችላል ወይ የሚለው ብቻ ነው የሚቀረው። እሱን ለማወቅ የፕሮሰሰሩን ስም እዩ። አይ5 ወይም አይ7 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር 6300 ከሆነ ስድስተኛ ጀነሬሽን ነው፣ 7200 ከሆነ ሰባተኛ፣ 8250 ከሆነ ስምንተኛ፣ 10210 ከሆነ አስረኛ። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ጀምሮ ነው የሚቀበለው፣ በተጨማሪ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚነሳውን ሲስተም የሚያጣራ)፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ይፈልጋል፣ ግን በ4 ጊጋ ራም ትሰቃያላችሁ፣ 8 ካልሆነ አትሞክሩት። ያገለገለ ገበያ ላይ የሚሽከረከሩት ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ቲንክፓድ ቲ460፣ ዴል ላቲቲውድ ኢ7470 ስድስተኛ ናቸው፣ አያልፉም። ኤሊትቡክ 840 ጂ5ና ቲንክፓድ ቲ480 ላይ ደሞ ተጠንቀቁ፣ ሻጩ «ስምንተኛ ነው» ይላችኋል፣ አብዛኞቹ እውነትም ስምንተኛ ናቸው፣ ግን በሰባተኛ ፕሮሰሰር የወጡም አሉ፣ ውጫዊ መልካቸው አንድ ነው፣ ስለዚ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ አብርታችሁ ቁጥሩን አንብቡ።

ስምንተኛ ሆኖም እምቢ የሚላችሁ ካላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፣ ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ቲፒኤሙ ጠፍቶ ነው፣ ወይም ድሮ ፎርማት ያደረገላችሁ ሰው ዊንዶውሱን በአሮጌው ሌጋሲ ሞድ ስለጫነው ነው። ሁለቱም የሚስተካከል ነገር ነው።

ላፕቶፑ በእውነትም የማይችል ከሆነና ከዊንዶውስ መውጣት ካልቻላችሁ ጊዜ መግዛት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ተጨማሪ የአንድ ዓመት የደህንነት አፕዴት አዘጋጅቷል፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚሄድ ነው፣ ክፍያው 30 ዶላር ሆኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ባክአፕ ካደረጋችሁ ግን በነጻ ይሰጣል። ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ ኢንሮል የሚል ካያችሁ እሱ ነው፣ ቨርዥናችሁ 22ኤች2 መሆን አለበት። ሌላው መንገድ ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ሰርቶ የ11ን መስፈርት ዘሎ መጫን ነው። ይሰራል፣ ለሰው ሰርቼ አውቃለሁ፣ ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት ለመስጠት ቃል አልገባም፣ ለቤት ዕቃ ይሁን፣ የሰው ገንዘብ ለሚንቀሳቀስበት ግን እኔ አላደርገውም።

ስለ ክራክ አንድ ነገር ልበል። ዊንዶውስን አክቲቬት የሚያደርጉት ፕሮግራሞች ከመስራታቸው በፊት «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላሉ፣ ጫኙም ያጠፋዋል፣ ከዛ ያ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገብቶ የፈለገውን ያደርጋል፣ ምን ጥሎ እንደሄደ እናንተም ጫኙም አታውቁም። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ነው ይሄን የሚያስደርገው። ከአሜሪካም ከዱባይም የሚገቡት የቢሮ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሲወጡ የዊንዶውስ ላይሰንስ ማዘርቦርዳቸው ላይ ይዘው ነው የሚወጡት፣ ንጹሑን ዊንዶውስ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዳችሁ ትክክለኛውን ኤዲሽን ብትጭኑበት ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ለጫኙ መጀመሪያ ይሄን ሞክርልኝ በሉት።

ማክ ላይ ብዙ አልቆይም ምክንያቱም ወደ ማክ መሻገር ሌላ ኮምፒውተር መግዛት ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ባትሪው የማይታመን ነው፣ ኦፊስም አለው። ዘመድ ከውጪ «ማክቡክ ልላክልሽ» ካለ ግን ኤም1 ወይ ከዛ በላይ ይሁን በሉ፣ በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ የወጣው ማለት ነው። ኢንቴል ያለባቸው ርካሽ ናቸው ግን በፈረንጆቹ 2025 የወጣው ታሆ የሚባለው ማክኦኤስ ኢንቴልን የሚቀበል የመጨረሻው እንደሆነ አፕል ራሱ ተናግሯል፣ ጊዜው ካለፈበት ወጥታችሁ ጊዜው ሊያልፍ ወደ ደረሰ ሌላ እንዳትገቡ። የጉግሉ ክሮምኦኤስ ፍሌክስ ደግሞ ለአሮጌ ላፕቶፕ ቀላል ነው ግን ሁሉ ነገሩ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ እኛ ጋ ኔትወርክ ሲጠፋ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

የሚያስር ነገር ከሌላችሁ ሊኑክስ ነው፣ እኔ በሙሉ ልብ ነው የምመክረው። ስሙን ስትሰሙ ጥቁር ስክሪን ላይ ኮድ መጻፍ የሚመስላችሁ አላችሁ፣ እሱ ድሮ ቀረ። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ሊኑክስ ሚንት ሲናሞን የሚባለውን ነው የምሰጠው፣ ሜኑው ታች በግራ ነው፣ ሰዓቱ ታች በቀኝ ነው፣ እናቴ ስታየው ልዩነቱን አላወቀችውም። የ22 ተከታታዩ እስከ 2029 በፈረንጅ አፕዴት ያገኛል። ራሙ 4 ወይም ከዛ በታች ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን የሚንት ዓይነት አውርዱ፣ እሱ ይቀላል። ኡቡንቱም ጥሩ ነው ግን አቀማመጡ ስለሚለይ መልመድ ይጠይቃል። ሃርድ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ከሆነ ደግሞ ምንም ከመጫናችሁ በፊት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣኑን ዲስክ) ግዙለት፣ የትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያን ያህል ፍጥነት አይጨምርላችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፈረንጆች ስለ መሻገር ሲጽፉ ጌምና ግራፊክስ ካርድ ነው የሚያወሩት። እኛ ጋ ሰውን ከመንገድ የሚመልሰው አማርኛው ነው።

ሰፈራችን የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ልጅ አለች፣ ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የዕድር ደንብ ስትጽፍ ነው የምትውለው። ሚንት ጫንኩላትና ደስ ብሏት የቆየ የቤት ኪራይ ውል ከፈተች፣ ስክሪኑ ላይ የመጣው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተደባልቆ የሞላበት ገጽ ነበር፣ አንድ አማርኛ ፊደል የለበትም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፣ የስንት ዓመት ሥራዋ የተበላሸ ነው የመሰላት። ፋይሉ አልተበላሸም። የድሮ የግዕዝ ፎንቶች፣ ቪዥዋል ግዕዝንና የቀድሞዎቹን የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ጨምሮ፣ የአማርኛውን ምስል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ፎንቱ ነው አማርኛ አርጎ የሚያሳያችሁ። ፎንቱ ከሌለ ያ የተሸፈነው ይወጣል። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ደረጃ ነው፣ ግዕዝ እዛ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ሊኑክስ ላይም ማክ ላይም ስልክ ላይም አማርኛ ነው። ግን ቢሮዎቻችንና ጽሕፈት ቤቶቻችን ከዛ በኋላም ለብዙ ዓመት በድሮው ፎንት ነው የጻፉት፣ ስለዚ የሁላችንም ኮምፒውተር ውስጥ ሁለቱ ዓይነት ተደባልቆ አለ።

የእናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ እሄ ነው፣ ፋይሉን ወርድ ላይ ክፈቱና አንድ መስመር ኮፒ አርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፣ የትም ይዛችሁት ሂዱ። የእንግሊዝኛ ፊደል ተዘባርቆ ከመጣ የድሮው ነው። የድሮው ከሆነ ዊንዶውሱ በእጃችሁ እያለ ሦስት ነገር አድርጉ፦ ከእንግዲህ የማትነኩትን ሁሉ ፒዲኤፍ አርጋችሁ አስቀምጡ፣ ፒዲኤፉ ፎንቱን ይዞት ስለሚሄድ የትም ይነበባል። እየከፈታችሁ የምታስተካክሉትን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ፣ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ከቀየራችሁ በኋላ ቁጥሮቹን፣ አራት ነጥቡንና እንደ ኳ ጓ ያሉትን ፊደሎች በዓይናችሁ ሂዱባቸው፣ ስህተት የሚገባው እዛ ነው። የፎንት ፋይሎቹንም ከዊንዶውሱ የፎንት ፎልደር ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ሊኑክስ ላይ ስትጭኗቸው የድሮዎቹ ፋይሎች አብዛኞቹ ተመልሰው ይነበባሉ። ለልጅቷ እንደዛ አድርገን ነው ውሉ አማርኛ ሆኖ የተመለሰው።

ቀጥሎ መጻፉ አለ። የለመዳችሁት የፓወር ግዕዝ አጻጻፍ ሊኑክስ ላይ የለም። ኪማን የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሰራው የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ጥሩ ነገሩ ዊንዶውስ ላይም ማክ ላይም ሊኑክስ ላይም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፣ ስለዚ አሁኑኑ ዊንዶውሱ ላይ ጭናችሁ ጣታችሁን አስለምዱት። ሌላው ሊኑክሱ ራሱ ያለው ነው፣ ኢንፑት ሜተድ ከሚለው አይባስን ከኤም17ኤን ጋር ትጭናላችሁ፣ አማርኛ ሴራ የሚለውን ትጨምራላችሁ። ኤልን (L) ነክታችሁ ኤን (A) ስትነኩ ላ ይመጣል፣ ኤልና ኢ (E) ከሆነ ለ ይመጣል፣ በሁለት ቀን ትለምዱታላችሁ። ሊስቱ ላይ ዝም ብሎ አማርኛ የሚል ሌላ ኪቦርድ ታያላችሁ፣ እሱ ፊደል እንዲህ እያጣመረ ስለማይጽፍ ብዙ ሰው እሱን ይመርጥና «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» ብሎ ይተወዋል። ይችላል፣ ሴራ የሚለውን ፈልጉ።

ከዚ ሁሉ የተማርኩት ነገር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከመቀየር በፊት ፕሮግራሞቹን መቀየር እንዳለባችሁ ነው። እዛው ዊንዶውስ ላይ ሆናችሁ ሊብሬኦፊስ ጫኑና ለሦስት ሳምንት ወርድን አትክፈቱ፣ ፋየርፎክስ ወይ ክሮም ላይ ቡክማርካችሁንና ፓስወርዳችሁን ሲንክ አርጉ፣ ፎቶ ለማስተካከል ጊምፕን ሞክሩ። አንድ የሆነ ነገር ካቃታችሁ የምትመለሱበት ወርድ አጠገባችሁ አለ። ሁሉን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ግን ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ጻፍ ሲባል ሜኑውም አዲስ፣ ኪቦርዱም አዲስ፣ ፎልደሩም አዲስ ሆኖበት በንዴት እሮብ ላይ ዊንዶውስ ያስመልሳል። ደብዳቤ ወደ ሰው ስትልኩ ደግሞ እንዲስተካከል ካልፈለጋችሁ በስተቀር ፒዲኤፍ ላኩ፣ ከሊብሬኦፊስ የወጣ የወርድ ፋይል ሌላ ሰው ጋ ሲከፈት ሠንጠረዡና ሎጎው ቦታ ሊለቅ ይችላል።

ጊዜው ሲደርስ ሚንትን ከራሱ ገጽ አውርዱ፣ 3 ጊጋ አካባቢ ነው፣ ሌሊት ላይ ብታወርዱት ይሻላል፣ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ይሁን። በሩፉስ ወይ በባሌና ኤቸር ጻፉበት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12 እየነካችሁ ፍላሹን ምረጡ። ሚንት ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል፣ ዲስካችሁን አይነካም። ቶሎ ኢንስቶል የሚለውን አትንኩ፣ አንድ ሰዓት ቁጭ በሉበት። ዋይፋይ ያያል ወይ፣ ድምጽ አለ ወይ፣ ካሜራው ይበራል ወይ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይነሳል ወይ፣ ፕሪንተሩ ስትሰኩት ያትማል ወይ። የኤችፒ ፕሪንተሮች አብዛኞቹ ያለ ምንም ጣጣ ይሰራሉ፣ አንዳንድ ትንንሽ ሌዘሮች ግን ድራይቨራቸው በጣም አስቸጋሪ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ላለው ሰው ይሄ ብቻውን ውሳኔ የሚያስቀይር ነው። ዋይፋይ ካላየ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ቴዘሪንግ አብሩ፣ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከዛ ድራይቨር ማናጀር የሚለው ውስጥ የጎደለውን ይፈልግላችኋል፣ ኤንቪዲያ ካርድም እንደዛው።

አሁን እባካችሁ ይችን በደንብ አንብቧት። እኛ ሀገር ፎርማት ሲደረግ ልማዱ ሲን አጥፍቶ ዲን መተው ነው፣ ስለዚ ሁላችንም ፋይላችንን ዲ ላይ አርገን «ዲ አይነካም» ብለን ተረጋግተን ነው የምንኖረው። የሊኑክስ መጫኛ ሲና ዲ የሚባል አያውቅም። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ከመረጣችሁ ዲስኩን በሙሉ ነው የሚያጠፋው፣ ሲም ዲም ሁሉም። አንድ ጓደኛዬ የማስተርስ ቴሲሱን እየጨረሰ እያለ ቪዲዮ አይቶ ብቻውን ሊጭን ተነሳ፣ እሱን መረጠ፣ ሃያ ደቂቃ ውስጥ አለቀ፣ ደስ ብሎት ገባና ዲን ሲፈልግ የለም። ደወለልኝ፣ ድምጹን ስሰማው የሰው መርዶ የመጣበት ነው የመሰለኝ። ሁለቱን ምዕራፍ ለአማካሪው በቴሌግራም ልኮት ስለነበር ከዛ አገኘነው፣ መጠይቁን ያስገባበት ዳታ ግን ሄደ፣ ወረቀቶቹን ስላልጣላቸው አንድ በአንድ እንደገና አስገባ። ስለዚ ከመጫናችሁ በፊት ፋይሉ ሁሉ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን፣ ኤክስተርናሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ እዩ፣ ከዛ ንቀሉትና ስትጭኑ ክፍሉ ውስጥ እንኳን አይኑር። ዴስክቶፕና ዳውንሎድ ያሉት ሲ ላይ ነው፣ እነሱን የሚረሳ ብዙ ነው።

ዊንዶውሱን ለጊዜው ጎን ለጎን ማቆየት ከፈለጋችሁ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ በሉ ነው የምለው፣ ዊንዶውስ ላይ ሆናችሁ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ከሲ ወይ ከዲ ላይ 60 ወይ 100 ጊጋ ሽሪንክ አርጋችሁ ባዶ ተዉት፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን አጥፉ (ካላጠፋችሁት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክሱ ዲ ላይ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም)፣ ከዛ መጫኛው ላይ «አሎንግሳይድ» የሚለውን ምረጡ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ከበራም መጀመሪያ ቁልፉን ያዙ፣ 48 አሃዝ ነው፣ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ባዮስ ከነካችሁ በኋላ ዊንዶውሱ እሱን ሊጠይቅ ይችላል፣ ከሌላችሁ ፋይሉን ማንም አያወጣላችሁም። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ፣ መሃል ላይ ከጠፋ ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ።

ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ የምትከፍቱት ታይምሺፍት ነው፣ የሲስተሙን ኮፒ ይይዛል፣ የሆነ ነገር ነካክታችሁ ካበላሻችሁ ወደ ትናንት ይመልሳችኋል፣ ዶክመንታችሁን ግን አይዝም፣ ለሱ ኤክስተርናሉ አለ። ፕሮግራም ከፈለጋችሁ ሶፍትዌር ማናጀሩ ውስጥ ፈልጉ፣ እንደ ስልክ ፕሌይ ስቶር ነው፣ ከየድረ ገጹ ማውረዱን ተዉት።

ሾርትከት ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ሲሰካ የሚሆነውን ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ አንድ ተማሪ ፍላሽ ይዞ መጣ፣ ሌላ ቦታ አሳትሞበት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፣ ፋይሌ ጠፋ እያለ ነው። ሚንቱ ላይ ስትሰካው ዊንዶውስ ላይ የተደበቁት እውነተኛ ፎልደሮች ሁሉ እንዳሉ ቁጭ ብለዋል፣ ከጎናቸው ሾርትከቶቹ አሉ፣ ቫይረሱ የተሰራው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚ ምንም አላደረገም። ፋይሉን ገልብጣ ፍላሹን አጸዳችለት። አሁን የሰው ፍላሽ የሚሰካው ሚንቱ ላይ ብቻ ነው፣ ሒሳቧን የምትሰራበት ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ለብቻው ነው፣ እኔም ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ሁለቱን ለያይቶ መያዝን ነው የምመርጠው።

ጎን ለጎን የጫናችሁ ደሞ አንድ ነገር ታያላችሁ፣ ሊኑክስ ተጠቅማችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ባትሪው ሞቶ አይደለም፣ ባትሪ አታስቀይሩ። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ነው የሚይዘው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ ሀገር ሰዓት ነው የሚያነበው፣ እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ እሱ ነው። ሊኑክሱ ላይ የማዘርቦርዱን ሰዓት በሀገር ሰዓት እንዲይዝ አንዴ ማስተካከል ይበቃል። ዊንዶውሱን የማጥፋት ሐሳብ ካላችሁ ቢያንስ ሁለት ወር ቆዩ፣ በየወሩ መጨረሻ ብቻ የምትከፍቱት ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ የደመወዝ ፋይል፣ የግብር ነገር። ሁለት ወር ሙሉ ካልገባችሁበት ፋይሎቹን ለመጨረሻ ጊዜ አይታችሁ፣ ብራውዘሩ ውስጥ የቀረ ፓስወርድ ካለ አውጥታችሁ፣ ቦታውን ለሊኑክሱ ስጡት።